ከእናቴና ከልጄ የተማረው ማን ነው?

ጥያቄ፦ "የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከእናቴና ከ9ኛ ክፍል ልጄ ጋር። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ገጠር እያለች ነው። ቀን ስትሠራ ውላ ማታ ማታ በኩራዝ ተምራ የምስክር ወረቀት ወስዳለች፤ እሱንም በፍሬም አድርገን ሳሎን ሰቅለነዋል። ዳዊቷን ሳትደግም ውላ አታውቅም። በቅርቡ አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ሄዳ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ 'ስልክዎት ላይ የመጣውን ቁጥር ያንብቡልኝ' አለቻት። እናቴ መልእክቱን ከስልኩ ውስጥ ማግኘት አቃታት። ከኋላዋ የተሰለፈ ሰውዬ 'ከመሃይም ጋር ስንጋፋ ልንውል ነው' ሲል ሰማችው። ጉዳይዋን ትታ ቤት ገባችና ወረቀቱን ከግድግዳው አወረደችው። ልጄ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ሲያነብና ሲጽፍ ይውላል። ከጓደኞቹ ጋር የሚጻጻፈው ግን አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው። የአማርኛ መምህሩ ጠርታኝ 'አንድ ገጽ አንብብ ስለው ያነባል፣ ምን ይላል ስለው ዝም ይላል' አለችኝ። ስልኩን ልቀማው? እናቴንስ ምን ብዬ ላጽናናት? ለመሆኑ ከሁለቱ የተማረው ማን ነው?"

መልስ፦ እህቴ፣ የምስክር ወረቀቱን ዛሬውኑ መልሰሽ ስቀይው። ያወረዱት እሳቸው ቢሆኑም መልሶ መስቀሉ የአንቺ ሥራ ነው።

ያ ወረቀት እንዴት እንደተገኘ ልጅሽ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ተቀምጠሽ ንገሪው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር አብዛኛው የአገራችን ሰው ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም ነበር፤ የገጠር ሴትማ ጭራሽ። መማሪያው ቀስ በቀስ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1980 ኢትዮጵያ ለዚሁ ሥራ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተቀበለች። ከዚያ ትውልድ ብዙ ሰው ግን ከዘመቻው በኋላ የሚያነበው አጥቶ የቆጠረውን ፊደል መልሶ ረስቶታል። እናትሽ አልረሱም። ከ40 ዓመት በላይ ማንም ሳይቆጣጠራቸው፣ ፈተና ሳይኖርባቸው፣ በየቀኑ መጽሐፍ ገልጠዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1958 ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ማለት ስለ ዕለት ኑሮው አጭርና ቀላል ነገር ተረድቶ የሚያነብና የሚጽፍ ነው ብሎ ነበር። እናትሽ ይህን መለኪያ ገና በወጣትነታቸው አልፈውታል።

መለኪያው ራሱ ግን አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ ግእዝ፣ ውርድና ቁም ንባብ ወጥቶ ዳዊት ሲደግም "ተማረ" ተብሎ ይደገስለት ነበር፤ ብዕር ጨብጦ ባያውቅም። መጻፍ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ የሚኖር የጸሐፊ ሙያ ነበር። የሚነበበውን ግእዝ መተርጎም ደግሞ ሌላ የዓመታት ትምህርት ነው። ኋላ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ንባብንና ጽሕፈትን አንድ ላይ አደረጋቸው። በእናትሽ ጊዜ የመማር ምልክቱ በአውራ ጣት ፋንታ መፈረም ነበር። አሁን መስኮት ላይ የተጠየቁት ደግሞ ትናንት የመጣ ነገር ነው። ቴሌብር እንኳ ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ከሰልፉ ኋላ ሆኖ ያጉረመረመው ሰውዬ እናትሽን የለካበት መለኪያ በዕድሜ ከልጅሽ ያንሳል። እናትሽ ማወቅ ያለባቸው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልግባ። የእናትሽ ጉድለት በሳምንታት ይሞላል፤ የልጅሽ ግን ከተተወ ዓመታት ይፈጃል። እናትሽን ያቃታቸው ንባቡ አይደለም፤ መልእክቱ የት እንደተቀመጠ ነው ያላወቁት። ከፍቶ የሚሰጣቸው ቢኖር ያነቡት ነበር። ልጅሽ መልእክቱን በዓይን ጥቅሻ ያገኘዋል፤ አንድ ገጽ ላይ ረግቶ መቆየትና ገጹ የሚለውን ይዞ መውጣት ግን አልለመደም። ዛሬ ተማረ ለመባል ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በአንቺ ቤት አንዱ አያትየዋ ጋ፣ ሌላው የልጅ ልጃቸው ጋ ነው ያለው። ስለዚህ ማን ይበልጣል ብለሽ አታወዳድሪያቸው፤ አንዱ ለሌላው እንዲያስተምር አድርጊ።

ልጅሽን ደግሞ አትናቂብኝ። በቀን ውስጥ የሚጽፈው ብዛት የእኛ ትውልድ በዚያ ዕድሜው በወር ከሚጽፈው ይበልጣል። እኛ ከደብተር ውጪ የምንጽፈው ለበዓል የሚላክ ፖስት ካርድ ላይ ነበር። እሱ በጽሑፍ ይከራከራል፣ ይቀልዳል፣ ያስታርቃል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በላቲን መጻፉንም ቢሆን ያመጣው እሱ አይደለም፤ የወረሰው ነው። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ብዙ ስልኮች ለዓመታት በፊደላችን ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድሩ ነበር። ዋጋውም አለ። አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። በካርድ ለሚኖር ሰው ምርጫው ግልጽ ነበር። ዛሬ ግን ቴሌግራም ላይ ፊደል የሚቆጥርብን የለም፣ ስልኩም ፊደሉን ያሳያል፤ የቀረው ልማዱ ብቻ ነው።

ልማዱ ምን እንደሚጎዳ ልጅሽን በአንድ ምሳሌ አሳዪው። "አባዬ መጣ" እና "አባዬ መታ" ብሎ በላቲን ይጻፍልሽ። በልጆቹ አጻጻፍ ጠ እና ተ አንድ ፊደል ስለሆኑ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሆናሉ። አባቱ ቤት የገባው ልጅና አባቱ የደበደበው ልጅ በስክሪኑ ላይ አይለዩም። ጓደኛው የሚረዳው ከወሬው አያያዝ ገምቶ ነው። እኔ የምጠረጥረውም ይህንኑ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እየገመተ የሚያነብ ዓይን የመማሪያ መጽሐፍ ሲሰጠውም ይገምታል። መጀመሪያውን አይቶ፣ መጨረሻውን ዘሎ፣ "ገባኝ" ብሎ ይነሣል። ስለዚህ ስልኩ ላይ ጂቦርድን (የጉግልን የመጻፊያ ሰሌዳ) ከፍቶ አማርኛ ይጨምር፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መጀመሪያ ላይ ይንቀራፈፍበታል፣ ጓደኞቹም ይስቁበት ይሆናል። ለሁሉም ሰው በፊደል ይጻፍ ብለሽ አታስጨንቂው። ለአንቺና ለአያቱ የሚልከው ሁሉ ግን በፊደል ይሁን፤ በላቲን ከላከ አትመልሺለት።

ስልኩን ልቀማው ወይ ላልሽው፣ አትቀሚው። ምክንያቴ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ ሳይደርሰው መጽሐፉን በፒዲኤፍ ያገኘ ተማሪ ብዙ ነው። ልጅሽም ከነሱ አንዱ ከሆነ ስልኩን ስትቀሚው የባዮሎጂና የታሪክ መጽሐፉን አብረሽ ትወስጂበታለሽ። ይልቅ ያ ፒዲኤፍ በስልክ እንዴት እንደሚነበብ አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብለሽ እዪው። ገጹ ለትልቅ ወረቀት የተሠራ ስለሆነ በዚያች ስክሪን ላይ ፊደሉ እንደ ጤፍ ይደቃል። ልጁ በሁለት ጣቱ ያሰፋዋል፤ ሲሰፋ የመስመሩ ግማሽ ከስክሪኑ ይወጣል። ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ወደ ግራ ሲመልሰው የቱ መስመር ላይ እንደነበር ይጠፋዋል። ይህን ሲያደርግ ከላይ የቴሌግራም መልእክት ብቅ ይላል። መልእክቱን ከፍቶ ሲመለስ አንዳንዴ ፒዲኤፉ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምርለታል። እንዲህ ሆኖ አንድ ምዕራፍ የሚጨርስ አዋቂ እንኳ ጥቂት ነው። መምህሯ የነገረችሽ ዝምታ ከስንፍና ይልቅ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

የወረቀቱንና የስክሪኑን ልዩነት ተመራማሪዎችም ለክተውታል። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2017 የተሠሩ 54 ጥናቶች፣ በጠቅላላው ከ170 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው፣ በ2018 በአንድ ላይ ሲመረመሩ በወረቀት ያነበበው ሰው ይበልጥ ተረድቶ ተገኝቷል። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው መረጃ በሚሰጥ ጽሑፍ ላይና በጊዜ ጥድፊያ ሲነበብ ነው። ታሪክና ልብ ወለድ ሲነበብ ግን በወረቀትም በስክሪንም ያው ሆነ። ይህ ለአንቺ ጥሩ ዜና ነው። ተረትና ልብ ወለዱን በስልኩም ያንብብ፣ አትከልክዪው። ለፈተና የሚያጠናውን ምዕራፍ ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደሽ አሳትሚለት። ሙሉ መጽሐፉን አሳትሚ አላልኩም፣ ወጪው ይከብድሻል፤ የሳምንቱን ምዕራፍ ብቻ።

ቤተ መጻሕፍት ውሰጂው ብዬ ብቻ ማለፍ አልፈልግም። ወመዘክርም አብርሆትም ከቱሉ ዲምቱ ሩቅ ናቸው፤ በአውቶቡስና በታክሲ ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይበላል። ለዳር ከተማ ሰው ይህ ትክክል አይደለም። ሺህ አባወራ የሚኖርበት ሳይት ሲሠራ ከሱቁና ከፀጉር ቤቱ ጎን አንድ የንባብ ክፍል ሊታሰብለት ይገባ ነበር። በብሎካችሁ የነዋሪዎች ኮሚቴ ካለ አንሺባቸው። በየቤቱ አቧራ የጠጣውን መጽሐፍ አሰባስቦ በጋራ መጠቀሚያው ቤት ለማስቀመጥ ቁም ሣጥንና ቁልፍ ያዥ ይበቃል። እስከዚያው በወር አንድ ቅዳሜ መሀል ከተማ ውሰጂው።

ዋናውን ሥራ ግን አያቱ ናቸው የሚሠሩት። ከራት በኋላ ልጁ ከታተመው ምዕራፍ አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ የእሱም የአንቺም። ሲጨርስ እናትሽ "ምን አለ?" ብለው ይጠይቁት፣ ወረቀቱን ገልብጦ በራሱ ቃል በአማርኛ ይንገራቸው። ካልቻለ እንደገና ያንብብ፣ ቁጣ አያስፈልግም። እናትሽ ባዮሎጂ አያውቁም ብለሽ አትስጊ፤ አለማወቃቸው ነው የሚጠቅመው። የማያውቅ ሰው እስኪገባው ይጠይቃል፤ ልጁም ሳይገባው ማስረዳት አይችልም። ሲያነቡ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር የሚያስኬዱ ከሆነ ልጅሽ እንዳይስቅ። እሱም ይሞክረው፣ መስመር መዝለሉን ያቆምለታል።

በምላሹ ስልኩን እሱ ያስተምራቸው። አንድ ሕግ አውጪለት፦ ስልኩን ከእጃቸው እንዳይወስድ። ልጆች ሲያሳዩ "አምጪው እኔ ላድርገው" ብለው ይነጥቁና በሦስት ንክኪ ይጨርሱታል፤ አያትየዋ ያዩት የልጁን የእጅ ጀርባ ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ የስልኩ ቋንቋ ወደ አማርኛ ይቀየር፣ የፊደሉ መጠን ይተልቅ። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ይማሩ፦ የመጣ መልእክት መክፈት፣ ከማን እንደመጣ ማየት፣ *127# ደውለው የቴሌብር ቀሪ ሂሳባቸውን ማወቅ። በአማርኛም ስለሚመጣ ያነቡታል። ሌላው ይቆይ። የሚስጥር ቁጥራቸውን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ይሁኑ፤ አንቺም ልጅሽም አትወቁት። "እኔ አለሁልሽ፣ አትቸገሪ" ማለት ደግነት ይመስላል፣ ግን እናትሽን እንደገና በአውራ ጣት ወደ መፈረም ይመልሳቸዋል። ያ የተቋረጠው ጉዳይም በአንቺ እንዳይፈጸም። ሲለማመዱ ራሳቸው ተመልሰው ይሂዱ፣ አብረሻቸው ብትሄጂም ስልኩን የሚከፍቱት እሳቸው ይሁኑ።

ሁለቱም አብረው ሊማሩት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ የተጻፈን ነገር መጠየቅ። እንዲህ ያለ መልእክት መጣ እንበል፦ "ብር 3,500 ተልኮልዎታል።" ወዲያው ስልክ ይጮሃል፦ "እማማ፣ በስህተት እርስዎ ጋ ልኬ ነው፣ ልጄ ሆስፒታል ነው፣ በአምላክ ይመልሱልኝ።" ብዙ ሰው ደንግጦ የራሱን ገንዘብ ይልካል። አሁን ጽሑፉን ቀስ ብለን እንየው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ይኼኛው የመጣው ከተራ የግለሰብ ቁጥር ነው። ቀሪ ሂሳብ ሲታይ የተጨመረ ሳንቲም የለም። ደዋዩ ያስቸኩላል፤ የሚያስቸኩልበት ምክንያትም እንዳያነቡት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ጋ ነው። እንደ እናትሽ ቃል በቃል የሚያነብ ሰው የላኪውን ቁጥር ማየት ከለመደ ይህን ከማንም ቀድሞ ይይዘዋል፤ በችኮላ አይቶ የሚያልፈው ልጅሽ ሊታለል ይችላል።

ድሮ ጽሑፍ ታትሞ እጃችን እስኪገባ በአዘጋጅና በአራሚ እጅ ያልፍ ነበር። ይሳሳቱም ነበር፤ ሆኖም የሚጠየቅ ሰው ነበረ። ስልክ ላይ የሚመጣው አብዛኛው ጽሑፍ ማንም አላየውም። አሁን ደግሞ የተስተካከለ አማርኛ የሚጽፍ ማሽን መጥቷል፤ ልጅሽም የቤት ሥራውን አስጽፎት ይሆናል። ያማረ ዓረፍተ ነገር ለእውነተኛነት ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል። ማነው የጻፈው? ከየት አገኘው? ሌላስ ቦታ ይገኛል? እነዚህን መጠየቅ ድሮ የአዘጋጁ ሥራ ነበር፣ አሁን የእያንዳንዱ አንባቢ ሆኗል። የቤት ሥራውን በተመለከተ ልጁ የጻፈውን በቃል ያስረዳሽ። ካስረዳሽ የእሱ ነው፣ ካልቻለ እንደገና ይጻፈው።

አሁን ስለ አንቺ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በድምፅ ነው፤ "ለመጻፍ ጊዜ የለኝም" ብለሽ በቴሌግራም ቀድተሽ ልከሽልኛል፣ ወደ ጽሑፍ የመለስነው እኛ ነን። አልወቅስሽም። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥተሽ ሥራ ደርሰሽ የምትመለሺ ሰው ነሽ፣ ድምፅ መላክ ይቀላል። ግን ልጅሽ እናቱ መጽሐፍ ይዛ ወይም ስትጽፍ አይቶ ያውቃል? ከሦስታችሁ ከንባብና ከጽሕፈት እየራቅሽ ያለሽው አንቺ ነሽ ብዬ እፈራለሁ፤ እናትሽ በየቀኑ ያነባሉ፣ ልጅሽ በየቀኑ ይጽፋል። ከራት በኋላ በሚነበበው ገጽ ላይ አንቺም ተራ ያዢ። ለእናትሽ ቀን ቀን ከሥራ ቦታ በፊደል አጭር መልእክት ላኪላቸው፤ ምሳ በልተሃል ወይ ብለው ልጁን ይጠይቁልሽ፣ መልሱን ይጻፉልሽ። መክፈትና መመለስ የሚለመደው የሚጠበቅ መልእክት ሲኖር ነው።

በመጨረሻ መምህሯን ተመልሰሽ አነጋግሪያት። የተቸገረው ሲያነብ ነው ወይስ ያነበበውን ሲናገር? በአማርኛ ብቻ ነው ወይስ በእንግሊዝኛም? ሰሌዳ ላይ የተጻፈውንስ በትክክል ይገለብጣል? የምትሰጥሽ መልስ ይለያያል፣ መድኃኒቱም እንደዚያው። የዓይን ምርመራም አድርጊለት፤ ፊደል እየደበዘዘበት ተቸግሮ ሳይናገር የሚኖር ልጅ አለ። ዓይኑ ደህና ከሆነና እስከ ግማሽ ዓመቱ ፈተና በየማታው አንብቦ ለውጥ ካላሳየ፣ አንዳንድ ልጆች ብልህ ሆነው ሳለ ንባብ ለብቻው የሚከብዳቸው አሉና ልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያውቅ ባለሙያ ይየው። መምህሯ ያለችሽን ጻፊልኝ።